የጀልባን ሆድ ባለቤቱ በገዛ እጁ ሊቀባው ይገባልን?

የደብረ ኤልያስ ሰው ስለ ጀልባ ቀለም ሊጽፍ ተነሣ ቢባል የሚያስቅ ነገር መስሎ ሳይታያችሁ አይቀርም። አገራችን በቅኔ እንጂ በመርከብ አትታወቅም። ዮፍታሔ ንጉሤ የተወለዱባት፥ ሐዲስ ዓለማየሁም ከተማሩባቸው የጎጃም አድባራት አንዷ የሆነች ይህች አገር፥ ጤፏንና ስንዴዋን አምርታ ከመኖር በቀር ጀልባ የሚንሳፈፍበት ሐይቅ በአጠገቧ የላትም። ይሁን እንጂ ካርታ ዘርግቶ የሚመለከት ሰው ነገሩ ይህን ያህል የተራራቀ አለመሆኑን ይረዳዋል። ዐባይ በባሕር ዳር ከጣና ከወጣ በኋላ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ፥ በደብረ ኤልያስ ቈላ ግርጌ አልፎ ወደ ምዕራብ ይወርዳልና፥ በጣና ዳር የፈሰሰ ነገር ሁሉ መንገዱ በእኛ በኩል ነው። አባቶቻችን በዋናና በተነፋ ቆዳ እየተሻገሩ ወደ ወለጋ ይነግዱበት የነበረውም ይኸው ውሃ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ካርታው አይደለም። አንድ የአገሬ ተወላጅ የሆኑ ሽማግሌ፥ ብዙ ዘመን በመንግሥት ሥራ ካገለገሉ በኋላ ጡረታ ወጥተው በባሕር ዳር ይኖራሉ። ባለፈው ዓመት ከጡረታቸውና ከልጆቻቸው እርዳታ ባጠራቀሙት ገንዘብ አንዲት የብረት ጀልባ ገዙ፤ ደሴቶቹን የሚሳለሙ ምእመናንን እያመላለሱ ለቤታቸው መደጎሚያ ሊያገኙባት አስበው ነው። በጥቅምት ወር ልጠይቃቸው ብሄድ በመጋዘናቸው ሁለት ትልልቅ የቀለም ቆርቆሮ አቁመው አገኘኋቸው። ቀለሙ ተራ ቀለም አልነበረም። በባሕር ላይ የሚሄዱ መርከቦች ሆዳቸው ላይ የሚቀቡት፥ ቅርፊት ያላቸው ትንንሽ ፍጥረቶችና የውሃ ዕፀዋት እንዳይጣበቁባቸው የሚከላከል መርዛማ ቀለም ነበር። አንድ ነጋዴ ይህ ከሌለ ጀልባዋ ትበሰብሳለች ብሎ ሸጦላቸዋል።

«ቀቢ ቀጥሬ ነበር፤» አሉኝ። «የጠየቀኝ ዋጋ የአንድ ወር ጡረታዬን ያህላል። ደግሞስ የሰው እጅ የሚቀባው ሌላ፥ የባለቤት እጅ የሚቀባው ሌላ። እናቴ ጎተራዋን ሌላ ሰው ሲለቀልቅላት አይቼ አላውቅም።»

ይህን ሲናገሩ የልጅነት ቤታችን በዓይኔ ላይ መጣ። በእውነቱ የደብረ ኤልያስ ቤት የሚኖረው በመለቅለቅ ነው። እህል ሊወቃ ሲል አውድማው በእበት ይለቀለቃል፤ ጎተራው በጭቃና በእበት ተመርጎ ተለስኖ ነቀዙና አይጡ መግቢያ ይነሣል፤ የወተቱ ዕቃ በወይራ ጢስ ይታጠናል። አባወራው ቤት ሲሠራ ምስጥ እንዳይበላበት የምሰሶውን እግር በእሳት ለብልቦ ይተክለዋል። ይህ ሁሉ የባለቤት እጅ ሥራ ነው፤ ሲለቀልቅ የሚያይ ዓይን ስንጥቁን፥ የነቀዙን ቀዳዳ፥ የተንጋደደውን ጭራሮ ያገኛልና። ሽማግሌው ጀልባቸውን በገዛ እጃቸው ልቀባ ማለታቸው ከዚህ ልማድ የመጣ በመሆኑ ሊነቀፉበት አይገባም።

ስለ ሐይቅና ስለ ዓሣ የተማረው ታናሽ ልጃቸው ግን በአሳቡ አልተስማማም። አባቱን እጅግ የሚያከብር ልጅ ነውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «አባባ፥ ይፍቀዱልኝና ልናገር፤ የአያቴ እበትና ይህ ቀለም አንድ አይደሉም። እበቱ ነቀዙን የሚከለክለው መንገድ ዘግቶበት ነው። ይህ ግን የሚሠራው እየሟሟና ውሃውን እየመረዘ ነው፤» አላቸው።

ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩና፥ «ታዲያ ቀቢው ቢቀባው ውሃውን አይመርዘውም ማለትህ ነው?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁ መልስ አላገኘም። እኔም በዚያ ሰዓት አላገኘሁም። ወደ ቤቴ ከተመለስሁ በኋላ ግን ነገሩን ስመረምር የቆየሁት በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው።

ከታሪኩ እንነሣ፤ የምዕራባውያኑን ዓመት የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። የሰው ልጅ የመርከብን ሆድ መቀባት የጀመረበት ዘመን እጅግ የራቀ ነው፤ የኖኅ መርከብ እንኳ በቅጥራን ተለቅልቃ እንደ ነበር በመጽሐፍ እናነባለን። ቅጥራን ግን ውሃ እንዳይገባ ይከለክላል እንጂ የሚጣበቀውን አይገድልም። በ1761 እንግሊዞች አላርም የተባለችውን የጦር መርከባቸውን ሆድ በስስ የመዳብ ቅጠል ለበጡት። ሐሳባቸው እንጨት የሚቦረቡረውን የባሕር ትልና ዕፀዋቱን መከላከል ነበር፤ መዳቡም ይህን በደንብ ፈጸመ። ይሁን እንጂ ከሁለት ዓመት በኋላ መርከቧን ሲመረምሯት፥ መዳቡ የነካቸው የብረት ምስማሮች ተበልተው አገኟቸው። መዳብና ብረት በጨው ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ብረቱ የሚጠፋ መሆኑን በብዙ ኪሳራ ተማሩ።

ከዚያም በ1824 ሃምፍሪ ዴቪ የተባለው የታወቀ የኬሚስትሪ ሊቅ፥ መዳቡ ራሱ በባሕር ውሃ እንዳይበላ ቁራጭ ብረትና ዚንክ ቢያያዝበት እንደሚድን አሳየ። መዳቡም ዳነ። ግን ምን ሆነ? መዳቡ መሟሟቱን ባቆመ ጊዜ ዕፀዋቱና ቅርፊታሞቹ ፍጥረቶች ተመልሰው ተጣበቁበት። እንግዲህ ከዚህ እንደምንረዳው መርከቡን የሚጠብቀው መዳቡ መሆኑ ብቻ ሳይሆን መዳቡ እየሟሟ ወደ ውሃው መግባቱ ነው። ዛሬ በቆርቆሮ የሚሸጠው ቀለምም በአብዛኛው ቀይ የመዳብ ኦክሳይድ ዱቄት ያለበት ሆኖ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ሳይሟሟ የሚጠቅም የዚህ ዓይነት ቀለም ቢኖር ኖሮ ጽሑፌን እዚህ ላይ እጨርስ ነበር።

በዘመናችን ከመዳብ የከፋም መጥቶ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ትሪቡቲልቲን የተባለ የቆርቆሮ ማዕድን ውሑድ በቀለሙ ውስጥ ይጨመር ጀመር፤ ለመርከበኞች እጅግ የሚመች ሆኖ ተገኘ። በፈረንሳይ አገር አርካሾን በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ሰዎች ለምግብ የሚያረቡት ኦይስተር የተባለ ባለ ቅርፊት ፍጥረት አለ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የዚህ ፍጥረት እጭ ማደግ አቃተው፤ ቅርፊቱም ተጣመመ፤ የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ የነበረው እርባታ ሊጠፋ ደረሰ። መርማሪዎች ጠንቁን ፈልገው ያገኙት ከትልልቅ መርከቦች ዘንድ አልነበረም። በወሽመጡ ውስጥ ታስረው የሚውሉት የግል መዝናኛ ጀልባዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ባለቤት የቀባው ጥቂት ቆርቆሮ ቢሆንም፥ በጠበበና በማይጠልቅ ውሃ ውስጥ ተደምሮ ይህን አመጣ። ስለዚህ የፈረንሳይ መንግሥት በ1982 ርዝመታቸው ከ25 ሜትር በታች በሆኑ ጀልባዎች ላይ ይህ ቀለም እንዳይቀባ ከለከለ። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅትም በ2001 የጋራ ውል አጽድቆ፥ ውሉ ከመስከረም 2008 ጀምሮ ስለ ጸና በመርከቦች ሁሉ ላይ ተከለከለ። የመዳቡ ቀለም ግን በብዙ አገር እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

እንግሊዞች በዚህ ረገድ ያወጡት ደንብ ለጥያቄያችን የሚቀርብ ነው። ከእነዚህ ቀለሞች ማንኛውም ባለ ጀልባ ራሱ ሊቀባቸው የሚፈቀዱ አሉ፤ ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ የሚፈቀዱም አሉ። በስዊድን ደግሞ ጨው በሌለባቸው ሐይቆች ላይ ለሚንሳፈፉ የመዝናኛ ጀልባዎች መርዛማው ቀለም ጨርሶ አይፈቀድም፤ ባለቤቱም ይቀባው ባለሙያው ልዩነት የለውም። እኔ ይህን ሳነብ የሽማግሌው ወዳጄ ጥያቄ መልስ ያገኘ መሰለኝ።

ጣናን እንመልከት። ስፋቱ ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር ካሬ የሚደርስ ቢሆንም ጥልቀቱ እጅግ ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ነው፤ ጀልባዎች በሚታሰሩበት ዳርቻማ ከሰው ቁመት የማይበልጥበት ስፍራ ብዙ ነው። በሳይንስ ስማቸው ላቢዮባርበስ ከሚባሉት ዓሦች 15 ያህል ዓይነቶች በዓለም ላይ በሌላ ውሃ የማይገኙ፥ በጣና ብቻ የሚኖሩ ናቸው። መዳብ የዓሣን ስንጥብ የሚጐዳ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። በደሴቶቹና በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብ ደግሞ ውሃውን ቀድቶ ይጠጣዋል፥ ያበስልበታል፥ ልጆቹን ያጥብበታል። በባሕር ላይ የተቀባ መርከብ ሰው በማይጠጣው ሰፊ የጨው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ በጣና ላይ የተቀባ ጀልባ በማድጋችን ውስጥ እንደ ተቀባ ይቈጠራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው፥ ነጋዴው የሸጠላቸው ቀለም ለዚህ ሐይቅ ጀልባ የሚያስፈልግ አለመሆኑ ነው። እንደ ድንጋይ ጠንክረው የመርከብ ሆድ የሚሸፍኑት ቅርፊታሞቹ ፍጥረቶች የጨው ባሕር ነዋሪዎች ናቸው፤ በጣና አይኖሩም። የእኛን ጀልባ የሚይዘው አልጌ የሚሉት አረንጓዴና የሚያንሸራትት ሽፋን ነው፤ እሱም በውሃና በብሩሽ ይለቅቃል። የብረት ጀልባ እውነተኛ ጠላት ዝገት ነው። የመዳቡ ቀለም ደግሞ ከሥሩ መለያ ቀለም ሳይኖር በባዶ ብረት ላይ ቢቀባ፥ አላርምን ያገኛት ዕጣ በትንሹ ይደገማል፤ በአሉሚኒየም ጀልባ ላይ ከሆነማ ጥፋቱ የፈጠነ ነው። ሽማግሌው ጀልባቸው እንዳትበሰብስ ብለው የገዙት ነገር የምትበሰብስበትን ቀን ሊያቀርበው ይችል ነበር።

ስለ ታንኳም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የወይጦ ሰዎችና ሌሎች የጣና ዳር ነዋሪዎች ከደንገል የሚያስሩት ታንኳ ምንም ቀለም አያውቅም። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳልና ባለቤቱ ከውሃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል፤ ሲደርቅ መልሶ ያንሳፍፈዋል፤ ሲያረጅ ይጥለውና ሌላ ያስራል። የተጣለው ይበሰብሳል እንጂ ማንንም አይመርዝም። ይህ የደንገል ጥበብ በዓለም ተሰምቶ ነበር፤ ቶር ሄየርዳል የተባለው የኖርዌይ ተጓዥ በ1969 ራ የተባለችውን ጀልባውን ያሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነው፤ ያሠሩለት ባለ እጆች ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ። ከውሃ አውጥቶ ማድረቅ የሚባለው የታንኳ ሥርዓት ለብረት ጀልባም የሚሆን መድኃኒት ነው፤ አልጌ በደረቅ ብረት ላይ አይኖርምና።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ ልግባ፤ ገጹ የቤተ ሰብ ነውና። በሦስተኛው ቀን ከሽማግሌው ቤት ቡና ስንጠጣ፥ እመቤቲቱ ለዶሮዎቹ ውሃ ያቀረቡበትን ዕቃ ልጃቸው ድንገት አየውና ተነሥቶ አነሣው። የጀልባዋ የቀድሞ ባለቤት ከዕቃዋ ጋር ትቶት የሄደ የዚያው ዓይነት ቀለም ባዶ ጣሳ ነበር። እመቤቲቱ በአመድና በሙቅ ውሃ አጥበውታል፤ ጠንካራና ክዳን ያለው ዕቃ እንዴት ይጣላል? በእኛ አገር ባዶ ጣሳ አይጣልም፤ እህል ይሰፈርበታል፥ ውሃ ይቀዳበታል፥ አበባ ይተከልበታል። «ከዚህ በፊት ምን ምን አድርገውበታል እማማ?» ብሎ ልጁ ሲጠይቅ፥ እመቤቲቱ ፊታቸው ተለወጠና፥ «ሽሮ አስቀምጬበት ነበር፤» አሉ።

ምስጋና ይግባውና በቤቱ ውስጥ ማንም አልታመመም፤ ዶሮዎቹም ደኅና ናቸው። ነገር ግን ያን ሌሊት በዚያ ቤት እንቅልፍ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ሽማግሌውም ከዚያ በኋላ ስለ ቀቢው ዋጋ ሲናገሩ አልሰማሁም።

ባለ ጀልባ በገዛ እጁ መርዛማ ቀለም ሲቀባ ጠንቁ በእሱ ላይ ብቻ አይቆምም የምለው ይህን ስላየሁ ነው። አሮጌውን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ የሚነሣው አቧራ በአፍንጫው ይገባል፤ በልብሱ ተሸክሞት ወደ ቤት ይመለሳል፤ ሚስቱ ልብሱን ከሕፃኑ ጨርቅ ጋር በአንድ ሳፋ ታጥባለች። አያቱን ልርዳ ብሎ ብሩሽ የሚያቀብለው ልጅ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ይቈርሳል። የተፋቀው ፍርፋሪ ክረምት ሲመጣ በጐርፍ ተጠርጎ ሐይቁ ይገባል። ቀጥረን የምናሠራው ቀቢ በዚያው ዳርቻ፥ በዚያው አኳኋን ቢሠራ ደግሞ ከአቧራው በቀር ምንም አልቀረልንም፤ አቧራውንም ወደ ሌላ ሰው ሳንባ አሳለፍነው እንጂ አላጠፋነውም። ሽማግሌው ልጃቸውን የጠየቁት ጥያቄ የተገባ ነበር ማለቴ ስለዚህ ነው። በጣና ላይ ይህ ቀለም በባለቤቱም በቅጥረኛውም እጅ መቀባት የለበትም።

ሌላውን ሥራ ግን ባለቤቱ ራሱ ቢሠራው እመርጣለሁ፤ በዚህ ከልጁ ይልቅ ከሽማግሌው ጋር እስማማለሁ። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው በጋ ጀልባዋን በግንድ ላይ እያንከባለለ ከውሃው ራቅ ወዳለ ስፍራ ያውጣት። ሆዷን ሳይደርቅባት በውሃና በሸካራ ብሩሽ ይጠባት። እምቦጭ የተጠላለፈበት እንደ ሆነ፥ በተለይም ከሞተሩ ማራገቢያ ላይ፥ ለቅሞ አድርቆ ያቃጥለው፤ ይህ አረም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጣና ላይ የዳርቻውን ገበሬ ያስጨነቀና ብዙ ሕዝብ በእጁ እየነቀለ የታገለው በመሆኑ፥ ከወደብ ወደ ወደብ የሚያዘዋውረው ባለ ጀልባ ሊሆን አይገባም። ከዚያም ዝገት ያለበትን ስፍራ ይፈልግ። መዶሻ ይዞ ቀስ እያለ ሲመታ፥ ደኅናው ብረት ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ ይታፈናል። ይህን የሚሰማ ጆሮ የሚገኘው ከባለቤቱ ዘንድ ነው፤ ቅጥረኛው ለመቀባት እንጂ ለማድመጥ አልተከፈለውም። የተበላውን ብየዳ ለሚያውቅ ሰው ይስጥ። ዝገቱን እያረጠበ ፍቆ፥ ብረቱ እስኪነጣ አጽድቶ፥ ሲደርቅ ዝገት መከላከያውን፥ ሠራተኞቻችን አንቲራስት የሚሉትን፥ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደራርብበት። ይህም ቢሆን ከምግብ ጋር የሚቀመጥ አይደለም፤ ሽታውና አኳራጁ እሳት የሚያቀጣጥል ስለ ሆነ በነፋሻ ስፍራ፥ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፥ ጓንት አጥልቆ፥ ከሥሩ ሸራ ዘርግቶ ይሠራል። የሥራው ልብስ ለብቻው ይታጠባል። ባዶው ጣሳ በምስማር ተበስቶ ይቀመጥ፤ የተበሳ ጣሳ ማንም ሽሮ አያስቀምጥበትም።

ለባለሥልጣኖች የማቀርበው አንድ አሳብ አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ከኋላው የያዘው ንጋት ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነው። ዓሣ አጥማጁና መንገደኛው ጀልባ ይዞ ወደ እርሱ መሄዱ የማይቀር ነው፤ ነጋዴውም ቆርቆሮውን ተሸክሞ ይከተለዋል። በጣናም በንጋትም ዳርቻ ጀልባ የሚወጣበት በሲሚንቶ የተነጠፈ ተዳፋትና የፍቅፋቂውን እጣቢ የሚያጠራቅም ጉድጓድ ቢሠራ፥ ደንቡም የጀልባው ቍጥር ገና ጥቂት ሳለ ቢወጣ መልካም ነው። ፈረንሳዮች ደንባቸውን ያወጡት እርባታቸው ሊጠፋ ከደረሰ በኋላ ነበር።

በጥር ወር እንደ ገና ወደ ባሕር ዳር ወርጄ ነበር። ጀልባዋ በአራት የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተቀምጣ፥ ሆዷ ግራጫ ዝገት መከላከያ ተቀብታ በፀሐይ ስትደርቅ አገኘኋት። ሽማግሌው መዶሻ በእጃቸው ይዘው ጐኗን እየመቱ ያደምጣሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ከነፋሱ ወዲያ በኩል ራቅ ብለው እንዲቀመጡ ታዝዘዋል። ከኋለኛው በኩል እጅ የሚያህል የተበላ ስፍራ አግኝተው አስበይደውታል፤ «ያን ቀለም ብቀባበት ኖሮ ይህን ሸፍኖብኝ በክረምት ሰው ይዤ እሰምጥ ነበር፤» አሉኝ። ሁለቱ ቆርቆሮዎች አሁንም በመጋዘኑ ተቆልፎባቸዋል። ነጋዴው መልሶ ለመቀበል ገና እሺ አላለም።